የደረቀው ጠፍር

ደባርቅ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው አገሩ ሁሉ ገደል ይመስለዋል። አይደለም። ከዳባት መንገድ ወረድ ብሎ ግማሽ ቀን የሄደ ወንዝ ያገኛል፤ ወንዙ ዳር የኛ ሸለቆ አለ። ላይ ደጋው ገብስና ባቄላ ያበቅላል፣ ከበጉ ጠጕር ባና የሚባል ብርድ ልብስ ይሠራል። እኛ ታች ጤፍ፣ በርበሬና ጌሾ ነን። ከአዲ አርቃይ ማሽላ ጭነው የሚወጡ ነጋዴዎችም እኛ ዘንድ አህያቸውን ውኃ ያጠጣሉ። ሜዳ የሚባል መሬት ግን ጥቂት ነው፤ በመሬት ያልተጣላ ወንድማማች አላውቅም።

መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ዜማ ቤት ጥዬ የመጣሁ ዲያቆን ነበርሁ። ከቄሶቹ በቀር ፊደል የቆጠርሁ እኔ ብቻ ስለሆንሁ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ አደረጉኝ። ሃያ ዓመቴ ነው፤ እንዴት እንደተኮፈስሁ አትጠይቁኝ! መለኪያ ሜትር ከወረዳ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። በራሳችን መላ በበሬ ቆዳ ጠፍር ለካን፤ ለእያንዳንዱ አባወራ ዐሥር ጠፍር።

ጠፍር ደርቆ ካደረ ስለማይዘረጋ ማታ ውኃ ውስጥ ይነከራል። የራሰ ጠፍር ይሳባል፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይሰበሰባል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። እንግዲህ ጠዋት የተለካለት ይበዛለታል፣ ከቀትር በኋላ የተለካለት ያንሰዋል ማለት ነው። የመለካቱን ተራ የማወጣው እኔ ነበርሁ።

የወንዙ ዳር ሜዳ ዕጣው ለሁለት ሰው ደረሰ፤ ላይኛው ለአባቴ፣ ታችኛው ለባለ እጁ። ባለ እጁ የሸለቆውን ማረሻ ሁሉ የሚሠራልን ቤተ እስራኤል ነው፤ ሚስቱ ሸክላ ሠርታ ዳባት ገበያ ትሸጣለች። እኛ የምንጠራቸው በሌላ ስም ነበር፤ እሱን አልደግመውም። ጠጕሩ ሸብቶ እንኳ «አንቱ» ያለው ሰው አልነበረም። ማረሻም እጅ በእጅ አንቀባበልም፤ እሱ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል፣ እኛ እናነሣለን። ዕድሜ ልኩን የሰው መሬት በጢሰኝነት አርሶ ኖሯልና ዕጣው ሲወጣለት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

የአባቴን በማለዳ፣ ጠፍሩ ውኃ እያንጠባጠበ፣ ከላይ ወደ ታች ለካሁ። የባለ እጁን በመጨረሻ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከታች ወደ ላይ። ጠፍሩ እንደ እንጨት ደርቋል። ወንዙ እኮ እግራችን ሥር ነው።

«ጓድ ጸሐፊ፣ እባክዎ ጠፍሩን አንድ ጊዜ ውኃ ያስነኩት» አለኝ።

ሰው ሁሉ ሰምቷል። አባቴም ቆሟል። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጠፍር ጠፍር ነው፤ ይልቅ ጫፉን ያዝ!» አልሁት። ሰዎቹ ሳቁ። እሱም ጎንበስ ብሎ ጫፉን ያዘ።

በሁለቱ መሬት መካከል ዐሥራ አራት እርምጃ ተረፈ። «ትራፊው ወደ ላይኛው ይግባ» ብዬ ጻፍሁ። ሚስቱ የሸክላ አፈር የምትቆፍረው እዚያ ላይ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልከለከላትም። «ትቆፍር፤ እሱ ደግሞ በየዓመቱ ማረሻዬን በነፃ ይሥራልኝ» አለ። አያችሁልኝ? ጢሰኝነት ቀረ በተባለበት አገር እኔ በአንድ ጠፍር መልሼ ጢሰኛ አደረግሁት። አባቴ «ተባረክ» ሲለኝ፣ አፈር ልብላ፣ ደስ አለኝ።

ደስታው አልቆየም። ባለ እጁ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቍጥር እጅ ይነሣኛል፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ይስተካከል እላለሁ እያልሁ፣ አባቴን እየፈራሁ፣ ሰባት ክረምት አለፈ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ መዶሻው አልተሰማም። ቅዳሜ ሰንበታቸው ነው፣ እሳት አያነዱም። እሁድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የሚቀበለን የሱ መዶሻ ነበር። የዚያን ዕለት ጭጭ። ብንሄድ በሩ ክፍት ነው፣ ወናፉ እንደተሰቀለ ቀርቷል። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በእግሩ ወደ ሱዳን ሄደ ተባለ።

ሰኔ ሲገባ አባቴ «ከእንግዲህ ሸክላ የሚቆፍር የለም፣ ያንን ትራፊ እንረሰው» አለ። ታርሶ አያውቅም። አባቴ በሬዎቹን እየመራ፣ እኔ እርፉን ይዤ ገና ጥቂት ሳንሄድ ማረሻው ከብረት ጋር ተላተመና ጫፉ ተሸረፈ። ማረሻው የሱ ሥራ ነው። ቆፈርሁ። ክንድ የሚያህል የብረት ችካል፣ አናቱ እስኪሰወር በመዶሻ ተመትቶ የገባ፣ ዝገት የበላው። የቆመው የአባቴ ዐሥር ጠፍር ካበቃበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ታች እስከ እሱ ወሰን በእርምጃ ቆጠርሁ። ዐሥራ አራት። ያን ቀን ጠፍሩን ውኃ ባስነካው ኖሮ መሬቱ የሚደርስበትን ልክ አውቆ፣ ለማንም ሳይናገር፣ በራሱ ብረት ወሰኑን ተክሎ ኖሯል።

«ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«ችካል ነው።»

ብዙ ቆሞ አየው። ገብቶታል። «ንቀለው፣ በሬ ያሰናክላል» አለኝ።

እዚህ ላይ «አልነቅልም አልሁት» ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኔ ነገር። በሁለት እጄ ይዤ ወዘወዝሁት፤ አልወጣ ብሎ ቆየና ወጣ። አባቴ ጉድጓዱን በእግሩ ደፈነ። እኔም እርፉን ያዝሁና በላዩ ላይ አረስሁበት።