እታገኝን «ፈተናው ይለፍ» ያልኳት እኔ ነኝ

ዛሬ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ደውሎ «እታገኝ አረፈች» ሲለኝ «የትኛዋ እታገኝ?» አልኩት። ሌላ እታገኝ የለችንም። እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለራሷ ደወልኩላት። የማይረባ ነገር ነው፣ ግን ደወልኩ። እህቷ አነሳችው። ታለቅሳለች። ያኔ አመንኩ።

ለማታውቋት ልንገራችሁ። እታገኝ ከሞላሌ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ የገጠር ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ታስተምር ነበር። መምህርነት ስንማር አራቱንም ዓመት ጎን ለጎን ነው የተቀመጥነው። አሁን እኔ ሱፐርቫይዘር ነኝ። የእሷን ጨምሮ አምስት ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ፣ ክፍል ኋላ ተቀምጬ መምህራንን በቅጽ እገመግማለሁ።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ለልምምድ ቀየት ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት ተላክን። አንዳችን ስናስተምር ሌላችን ኋላ ሆነን እንመዘግባለን። ከዩኒቨርሲቲ ገምጋሚ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው እኔ ልጆቹን ሰበሰብኩና «ነገ ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ፤ መልሱን የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ» አልኳቸው። አስተማሪ የሆናችሁ አሁን እየሳቃችሁ ነው። ስንቶቻችን አድርገነዋል።

በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ እጅ በእጅ ሆነ። ቀኝ ያወጣውን እየመረጥኩ ጠየቅኩ፣ አንድም ልጅ አልተሳሳተም። ገምጋሚው ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

ከሰዓት የእሷ ተራ ነበር። ክፍልፋይ ነው ያስተማረችው። የገብስ ዳቦ ይዛ መጥታ ለአራት ቆረሰችና ጠየቀች። ሦስት እጅ ወጣ። ጠበቀች። አራተኛ የለም። አሁንም ጠበቀች። ኋላ ተቀምጬ ያላበኝ እኔ ነኝ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ተነስታ «ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም» አለች። «ጎሽ፣ አንቺን ነበር የምጠብቀው» ብላ ከመጀመሪያው ጀመረችላት።

«የተማሪ ተሳትፎ» የሚለው ላይ ዝቅተኛ ተሰጣት። እኔ ከፍተኛ።

ተናደድኩላት። «ሞኝ ነሽ፣ ምን ነበረበት እንደኔ ብታደርጊ?» አልኳት።

«አንተ እጃቸውን ቁጠር፤ እኔ ፊታቸውን ነው የማየው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቺ አነጋገር ከአፏ አልጠፋችም። ሰው ባማሁ ቁጥር፣ ስለ ሥራ ባማረርኩ ቁጥር «ፊቱን አይተኸዋል ግን?» ትለኝ ነበር።

የልጆች ሥነ ልቦና፣ የትምህርት ዕቅድ፣ ምዘና፣ ልዩ ፍላጎት፣ ሁሉንም እኩል ነው የተማርነው። ደብተሬ ከእሷ ደብተር ይሻል ነበር፤ ለፈተና ከእኔ ነው የምትገለብጠው። የያዘችው ግን እሷ ናት። እኔ የተረፈኝ ቅጽ መሙላት ነው።

አሁን ወደማልፈልገው ነገር ልምጣ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ለግምገማ ክፍሏ ገባሁ። ቁጭ ብላ ነበር የምታስተምረው። እታገኝ ቁጭ ብላ አስተምራ አታውቅም። ሰሌዳው ጋ ለመጻፍ ስትነሳ ግድግዳውን ትይዝ ነበር። ቅጹ ላይ «መምህሩ በክፍል ውስጥ እየተዘዋወረ ተማሪዎችን ይከታተላል» የሚል አለ። «አልፎ አልፎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ያየሁት ይሄንኑ ነው።

ስወጣ ተከትላኝ መጣች። «ጤና ጣቢያው ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ጽፎልኛል። አንድ ሳምንት ልቀቀኝ፣ ክፍሌን የሚይዝልኝ ሰው ፈልግልኝ» አለችኝ።

«ሰው ከየት አመጣለሁ፣ እታገኝ? ፈተናው ይለፍ፣ ከዚያ አንድ ሳምንት አይደለም ወር ውሰጂ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ደወል ተደወለና ወደ ልጆቿ ተመለሰች።

ፈተናው አለፈ። ወረቀቱን በሙሉ አርማ ለርዕሰ መምህሩ ካስረከበች በኋላ ነው መኪና የተሳፈረችው። ሐኪሞቹ «ትንሽ ቀደም ብትል ኖሮ» አሉ አሉ። ዛሬ ንጋት ላይ አረፈች።

ይህን የምጽፈው እንድታጽናኑኝ አይደለም። «ዕድሜዋ ነው»፣ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ። እሷን የምታውቋት ነገ ቀብር ኑ። ርቆኛል የሚል ሰው አልቀበልም፣ ከዓለም ከተማም ቢሆን።

እታገኝ፣ አሁን ላንቺ ነው።

ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «ሰኞ ልጆቹን ማን ይያዛቸው?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። ሳላስብ ነው የወጣው። እኔም እኮ አስተማሪ ነኝ። ያንቺው ዲግሪ ነው ያለኝ። ያን ቀን አንቺ ፊቴ ቆመሽ ስትለምኚኝ ግን ይቺ «እኔ» የምትል ቃል ጨርሶ ትዝ አላለችኝም።

ሰኞ ምን ብዬ እንደምገባ አላውቅም። ለልጆች አስተማሪያቸው መሞቷን እንዴት እንደሚነገር አልተማርንም። ከሁለታችን ይህን የምታውቂው አንቺ ነበርሽ።

በይ፣ መንገድሽ ብርሃን ይሁን እህቴ። ይቅር በይኝ ማለት ፈልጌ ነበር። «እሺ» እንደምትዪኝ ስለማውቅ ተውኩት።