ፓይተንና የአጎቴ ኮንቴይነር

ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለ ኮንቴይነር በሩ ሲከፈት የሚተነፍሰው ትንፋሽ አለ። የጋለ ብረት፣ የካርቶን ሙጫ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የብስኩት ሽታ። ሌላውን ሰው ይህ ሽታ ያስርበዋል፤ እኔን ያልበኛል። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጁባ፣ ንያኩሮን ሰፈር አንድ ነጋዴ ዘንድ ዕቃ ልገዛ ሄጄ፣ ሰውየው ኮንቴይነሩን ሲከፍት ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስከራከርበት የነበረውን ዋጋ ያለ አንዳች ቃል ተቀበልኩት። ለነጋዴ ትዝታ እንዲህ ውድ ነው።

የማወራው ነገር ሲሆን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጁባ ከመጣሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያመጣኝ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነው። አመጣጤም በገበያችን ደንብ ነው፤ የትም ያልተጻፈ፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ደንብ። ያመጣህ ዘመድ ፓስፖርትህን ይይዛል። አንተ ትሠራለህ፣ ትበላለህ፣ ትተኛለህ፤ እሱ ደግሞ አንድ ቀን፣ ልቡ የፈቀደ ቀን፣ ሱቅ ይከፍትልሃል። ልቡ መቼ እንደሚፈቅድ የሚጠይቅ ባለጌ ነው። የኔ ፓስፖርት «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ቤት፣ አጎቴ አልጋ ሥር፣ ትንሽ የብረት ሳጥን ውስጥ ነበር። ቁልፉ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲሰግድ እንኳ አያወልቀውም።

ሥራዬ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። በኛ ገበያ አንዱ ገብቶ ካርቶን ሲያደራጅ ሌላው በሩን ከውጭ በሰንሰለት ያስረዋል፤ ሌባ እንዳይገባ። ሰንሰለቱ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ብቻ ይተዋል። በዚያች ክፍተት አንዲት ቀጭን ብርሃን ትገባለች፤ ጠዋት ዘይቱ ላይ፣ ቀትር ላይ የዱቄት ወተቱ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ብስኩቱ ላይ ታርፋለች። መውጣት ስፈልግ ብረቱን እደበድባለሁ። አጎቴ ደንበኛ ካለው አይሰማኝም። ደንበኛ ደግሞ ሁልጊዜ ነበረው።

ከኮንቴይነሩ ጎን ስልክ የምትጠግን ልጅ ነበረች። የደቡብ ሱዳን ልጅ ናት፤ ያደገችው ግን ጋምቤላ፣ የተማረችው አዲስ አበባ ነው። አማርኛዋ ከኔ ይሾላል፤ በተለይ ለስድብ። አንድ ቀን ዓይኗን በክፍተቷ አስገብታ፣

«አንተ ሐበሻ፣ ስንት ዓመት ተፈረደብህ?» አለችኝ። የመጀመሪያ ንግግራችን ይኸው ነው።

ካምፓላ አንድ ማሠልጠኛ አለ፣ ፕሮግራም መጻፍ ያስተምራል፣ የመግቢያ ፈተናው በኢንተርኔት ነው አለችኝ። ፈተናው ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ፓይተን ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «እንደ አጎትህ ነው። የነገርከውን ቃል በቃል ይፈጽማል፣ ያላልከውን አይገምትልህም» አለች። አሮጌ ላፕቶፕ በክፍተቷ አሾልካ ሰጠችኝ። ከቁልፎቹ ረጅሙ፣ ስፔሱ፣ ዱቄት ገብቶበት አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።

እንዲህ ሆኖ ጀመርኩ። ፓይተን መስመር ሲዛነፍበት አይወድም፤ የተዛነፈ ካርቶን ሲያይ ከሚቆጣው አጎቴም ይብሳል። ስፔሱ አልሠራ ሲለኝ ታብ የሚባለውን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ሲሠራልኝ ወደ ስፔስ እመለሳለሁ፤ በዓይን እኩል የቆሙ መስመሮችን እኩል አይደሉም እያለ ይመልስብኛል። ሁለት ካርቶንና ሦስት ካርቶን ደምር ብለው ሃያ ሦስት አለኝ። «ያስገባኸውን ሁሉ ጽሑፍ አድርጎ ነው የሚቀበለው፤ ቁጥር ነው ብለህ ካልነገርከው ጎን ለጎን ይደረድረዋል» አለችኝ በክፍተቷ። አጎቴ ይህን ሰምቶ፣ «እንዲህ የሚደምር ሸሪክ ከየት ባገኘሁ!» አለ። ሌላ ቀን የጻፍኩት ነገር ማቆሚያ አጥቶ ስክሪኑ ላይ ያንኑ መስመር ሲያወርድ፣ ማስቆሚያውን ስለማላውቅ ባትሪውን ነቀልኩት። እሷ እስኪያማት ሳቀች። «ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ተጫን እንጂ! ምነው እንደ እባብ ጭንቅላቱን ቀጠቀጥከው?»

ትልቁን ነገር ያስተማረችኝ ግን ስህተትን ማንበብ ነው። ፓይተን ሲበላሽበት ረጅም ቀይ ደብዳቤ ይጽፋል። እኔ ከላይ እየጀመርኩ እደናገጣለሁ። «ከታች፣ ከመጨረሻዋ መስመር ጀምር፤ ጉዳዩን እዚያ ነው የሚናገረው» አለች። የአገራችን ሽማግሌም እንዲሁ ነው፤ የመጣበትን ጉዳይ የሚያነሳው ሊሄድ ሲነሣ ነው።

ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን። ወደ ካምፓላ የምንሄድበት የሐሙስ አውቶቡስ እስኪወጣ አንድ ወር ነበረን። የቀረኝ ያች ሳጥን ብቻ ናት።

አጎቴን እንዴት እንደጠየቅሁት አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ባለጌ ሆኜ ነው የጠየቅሁት። አልተቆጣም። ጢሙን እያሻሸ፣ «ያ ዕቃህ ከኔ ዓይን በፊት ቀኑ ሊያልፍ የደረሰ ነገር ካገኘልኝ፣ ወላሂ ፓስፖርትህን በእጄ እሰጥሃለሁ» አለ።

«ካላገኘስ?»

«ካላገኘ ሰንሰለቱን አጠብቀዋለሁ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርቶን እያገላበጥኩ፣ ላቤ ቁልፎቹ ላይ እየተንጠባጠበ፣ የእያንዳንዱን ዕቃ የማለፊያ ቀን አስገባሁ። አንድ ቀን የአገር ቤት ብስኩት ላይ ስደርስ ፓይተን እምቢ አለ። ከታች አነበብኩ፤ ወር ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት መሆን አለበት ይላል። ካርቶኑ ላይ ያለው ወር አሥራ ሦስት ነው፣ ጳጉሜን። እኔም እንደ ነጋዴ አስታረቅኋቸው፤ አሥራ ሦስቱን አሥራ ሁለት አድርጌ አለፍኩ። ዝም አለ። ዝም ሲል ደስ አለኝ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ አጎቴ ሁለት ሽማግሌ ነጋዴዎች ይዞ መጣ። ከከተማው ወጣ ካለችው ከረጃፍ የምትመጣ አንዲት ደንበኛም ብስኩቷን አስጭና ዋጋ ትጨርሳለች። ላፕቶፑን ዘይት በርሜል ላይ አስቀምጬ ፕሮግራሙን አስነሣሁት። አንደኛው ሽማግሌ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለና ጮክ ብሎ አነበበ። ከአገር ቤት የመጣው ብስኩት በሙሉ ቀኑ ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

«ሱብሐነላህ! ሐጂ፣ ይሄ ብስኩት ከሠርግህ የተረፈ ነው እንዴ?»

«ዝም በል አንተ ሰውዬ፣ ባለፈው ወር ነው የገባው!»

ደንበኛዋ «ዴ ሹኑ?» አለች፤ ምንድነው ነገሩ ማለቷ ነው። ከጫኞቹ አንዱ በዐረብኛ ነገራት። «ማፊ! ማፊ!»፣ የለም፣ አይሆንም እያለች ካርቶኖቿን አስወረደች። እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ የሰባት ዓመቱን ብስኩት ያልሰማ የገበያ ሰው አልነበረም። አጎቴ ሰንሰለቱን አንድ ቀለበት አሳጠረው።

ጠጋኟ ያስገባሁትን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየች። «የኛን አቆጣጠር እንደ ፈረንጅ ነው ያነበበው። አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ሲልህ እኮ እየለመነህ ነበር። አንተ አፉን ዘጋኸው» አለችኝ። የኛ ማለቷን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ዳግመኛ ገባሁ። ካርቶኑን ሁሉ እንደገና አወረድኩ፤ የአገር ቤቱንና የፈረንጁን ለየሁ፣ እሷ የጻፈችው የሁለቱ አቆጣጠር ማዛመጃ ገባበት። በአራተኛው ቀን ፕሮግራሙ አንድ ነገር ብቻ ተፋ። ከኋላ ከዘይቱ ጀርባ የተረሳ የዱቄት ወተት፣ አርባ ካርቶን፣ ሃያ ቀን የቀረው። አጎቴ አንዱን ካርቶን ወደ ክፍተቷ ብርሃን አስጠግቶ ቀኑን በጣቱ ነካው። በዕቃ ተሳስቶ አያውቅም፤ ይህን ግን አላየውም ነበር። ወተቱን በሁለት ቀን ሸጦ ጨረሰው።

ረቡዕ ቀትር ላይ ቁልፉን ከአንገቱ ሲያወልቅ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ፓስፖርቱ በነጭ ሐር ጨርቅ ተጠቅልሏል። ጠጋኟ ቁጥሩን ለአውቶቡስ ትኬቱ ልትጽፍ ተቀበለችኝና ገለጠችው። ገልጣም ቆመች።

«ምነው?» አልኳት።

«አንተ... ይሄ እኮ ካለፈ ሁለት ወሩ ነው።»

አጎቴ ሳቀ። «ሂጂ ወዲያ! ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል። በየዓመቱ በረመዳን አውጥቼ አየዋለሁ።»

ከአገር ቤት የመጣ ነገር ቀኑ በኛ አቆጣጠር ነው፤ እሱ የሚያውቀው ይህን ነው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈበትን፣ የአምስት ዓመት ዕድሜ ብቻ ያለውን ፓስፖርት እንደ ብስኩቱ ቆጥሮት፣ በሐር ጠቅልሎ፣ ጊዜ አለው እያለ ሲጠብቅልኝ ኖሯል። ልቆጣው ፈለግሁ። ግን ያንን ስህተት በገበያው ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። ቀስ ብሎ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። «ያ ረቢ» አለ።

በማግሥቱ አጎቴ በሥራ ቀን ሱቁን ዘጋ። የዓርብ ነጭ ልብሱን ለብሶ ወደ ኤምባሲያችን ወሰደኝ፤ መንገድ ስንሻገር ክንዴን እንደ ሕፃን ያዘኝ። መስኮቱ ላይ ላለችው ልጅ፣ «የኔ እናት፣ ልጁን አትቆጪው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። እሷም፣ «አባቴ፣ ጥፋት የለም፤ ከአዲስ አበባ ታትሞ እስኪመጣ አራት ወር ነው» አለችው። ሰልፈኛው እስኪገፋን ድረስ ከመስኮቱ አልተነሣም።

ያው ቀን ሐሙስ ነበር፤ አውቶቡሱ የሚወጣበት። አውቶቡሱ ጋ ስንደርስ ሞተሩ ተነሥቷል። ጠጋኟ በመስኮት ላፕቶፑን አቀበለችኝ። «ቁልፉን አጽዳው። ማሌሽ፣ አይዞህ ሐበሻ» ብላኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ተጻጻፍን፤ መጀመሪያ ስለ ኮድ፣ በኋላ ስለ ጤና፣ በኋላ ለበዓል ብቻ።

ፓስፖርቱ በአራተኛው ወር መጣ። ሥልጠናው ተጋምሷል፤ ለሚቀጥለው ዙር ግን እንቀበልሃለን ብለው ነበር። አጎቴ ራሱ ሄዶ አመጣው። ሳይገልጠው መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና «እስቲ አንብብልኝ» አለ። የሚያልፍበትን ቀን ወደኛ አቆጣጠር ቀይሬ ነገርኩት። በጣቶቹ ቆጠረ፤ አንድ እጁን ሙሉ ጨረሰ፣ ከዚያ ተወው።

«ያኔ እኔ እንግዲህ የት እሆን ይሆን?» አለ፤ እኔን አልነበረም የጠየቀው።

የዚያን ቀን ጭነት ገብቶ ነበር። ሾፌሩ ጡሩንባ እየነፋ ያጣድፈናል፤ አጎቴ ወገቡን ይዞ የመጀመሪያውን ካርቶን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል አየሁት። ፓስፖርቴን ኪሴ ከተትኩ። ይህን ጭነት ላውርድለትና እሄዳለሁ አልኩ።