የገበያውና የቤቱ እርድ

መርሳ በወረድኩ ቁጥር እርድ የምገዛው ከእናቴ ባልንጀራ ብቻ ነበር። ዋጋ ተከራክሬያቸው አላውቅም። እሳቸውም ሰፍረው ሲጨርሱ «ይቺ ደግሞ ለልጅሽ» ብለው አንድ እፍኝ ምርቃት ይጨምሩልኛል። እርዳቸው ቢጫነቱ ለጉድ ነው፤ ጣት ላይ ከያዘ በሳሙናም አይለቅም። ወልዲያ ያሉት ጎረቤቶቼ አልጫዬን አይተው ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ ልቤ ያብጣል። እኛ ዘንድ አልጫዋ የፈዘዘባትን ሴት ሙያ የላትም ይሏታል።

ልጄ ትምህርት በጀመረች በዓመቷ ሆዷን ይቆርጣት፣ ትገረጣ ጀመር። የለየቻቸው ፊደላት ሳይቀሩ ጠፉባት። ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ፣ ሐኪሙ እርሳስ የሚባለው ብረት እንደተገኘባት ነገረኝ። አእምሮ ይጎዳል፤ የተጎዳው ሁሉ ላይመለስ ይችላል አለ። ስለ ድስቴና ስለ ቅመሜ ጠየቀኝ፤ እርድ እንዲደምቅ የግድግዳ ቀለም የሚቀላቅሉ ነጋዴዎች እንዳሉም አስረዳኝ። ተቆጣሁ። የእኔ እርድ ከእናት እጅ ነው የሚመጣው አልኩት። ቤት ገብቼ ከውዳቂ ብረት ቀልጦ የተሠራውን ድስቴን ጣልኩ፤ በእርዱ ግን መሥራቴን ቀጠልኩ። ልጄም አልተሻላትም።

ከወራት በኋላ የእናቴ ባልንጀራ ልጃቸውን ሲድሩ፣ ልጄን ይዤ ሄድኩና ወጥ ቤት ለማገዝ ገባሁ። የሠርጉ አልጫ ፈዛዛ ነበር። እርድ ያነሰው መስሎኝ ጥግ ካለው ፌስታል ዘግኜ ልጨምር ስል ሴትዮዋ እጄን ያዙኝ።

«ተይው ልጄ፣ እሱ የገበያ ነው» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ምን እንዳለበት ጠየቅኋቸው። ካልደመቀ ማን ይገዛኛል፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ወላሂ ሰው የሚጎዳ አልመሰለኝም አሉ።

«ካልመሰለዎትማ እጄን ለምን ያዙኝ?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔው ግን የጣለው ልጄን ነው። ያ ሁሉ ምርቃት ለእሷ ነበር የተዘገነው። ልጄን ከዳሱ ጎትቼ ወጣሁ።

ከኋላችን ሰሐን ይዘው እየሮጡ መጡ።

«ልጅቱ ሳትበላ አትሂድ» አሉኝ፣ «ይኼኛው እንኳ ምንም የለበትም።»