ከአልጋ የማታስነሣ ጥሩምባ

አስናቀውን የሚጠላ ሰው የለም፤ ሲያዩት ግን ልባቸው ድንግጥ ይላል። ጎንደር ውስጥ ከአዲስ ዓለም ከፍ ብሎ ባለ አንድ ሰፈር ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነው። ዳቦ ሊገዛ ቢወጣ እንኳ ሴቶቹ መጀመሪያ የሚያዩት እጁን ነው፤ ባዶ መሆኑን ሲያረጋግጡ «እንዴት አደርህ» ይሉታል። እሱም ለምዶታል። ሰላምታ ሲሰጥ ሁለቱንም መዳፎቹን ማሳየት ልማድ ሆኖበታል።

የዚህ እድር ሥርዓት ከሌላው ይለያል። በሌላ ሰፈር ነፊው ጥሩምባውን ነፍቶ የሟቹን ስም በአደባባይ ይጠራል። እዚህ አይጠራም። ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ውሃ ልትቀዳ ወረፋ ላይ ቆማ ሳለ የአባቷን ሞት ከነፊው አፍ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ማንም መርዶውን መንገድ ላይ እንዳይሰማ ተብሎ በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ዐሥራ አራት ተጨመረ። ነፊው ይነፋል፤ የሰማ ከቤቱ ወጥቶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ነፊው ጠጋ ብሎ ስሙንና የቀብሩን ሰዓት በዝግታ ይነግረዋል። ስለዚህ የጥሩምባው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ሰውን ከአልጋው አስነሥቶ በር ላይ ማቆም።

አሮጌው ጥሩምባ ለዚህ የተፈጠረ ነበር። ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ሲነፋ ጉሮሮው እንደ ታነቀ በሬ የሚጮህ። የሚወደው አልነበረም፤ እሱን ሰምቶ የተኛ ሰው ግን የለም። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት አስናቀው የጫማውን ክር ሊያስር ጥሩምባውን መሬት ላይ አኖረው፤ ወደ ኋላ የምትመለስ ባጃጅ ወጣችበት። ሹፌሩ ወርዶ የተጨፈለቀውን ነገር አየና «ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሲነገረው ሦስት ጊዜ አማትቦ ባጃጇን አስነሥቶ ሄደ።

እድሩ አዲስ ጥሩምባ እንዲሠራ ፈቀደ። አስናቀው የሄደው ራዲያተር ጠጋኙ ዐብዱልከሪም ዘንድ ነው፤ ከነሐስ ጋር የሚውል ሌላ ሰው አያውቅም። ዐብዱልከሪም ሠላሳ ዓመት የሰው ራዲያተር ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ነው፤ «ከባዶ ተነሥተህ አንድ ዕቃ ሥራልኝ» ያለው ደንበኛ አልነበረም። ስለዚህ ነገሩን ከሚገባው በላይ አከበረው። በርጩማ አቀረበለትና «ምን ዓይነት ድምፅ ነው የምትፈልገው፣ አያ አስናቀው?» አለው።

አስናቀው እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቆ አያውቅም።

«ሸጋ ይሁን» አለ።

ስሕተቱ እዚች ላይ ነበር።

ዐብዱልከሪም ለቱቦው ከጣልያን ዘመን የቀረ የነሐስ አልጋ እግር አፈላልጎ አገኘ። ውስጡን በደቃቅ አሸዋ ሞላው፤ ጫፍና ጫፉን በእንጨት ወተፈው፤ በእሳት እያጋለ ግንድ ላይ አጠፈው። አሸዋው ከሌለ ቱቦው ማጠፊያው ላይ ይጨማደዳል። ሰፊውን አፍ ያወጣው ከድሮ ካሚዮን ራዲያተር ላይ በፈታው ነሐስ ነው። ይቀጠቅጠዋል፤ ሲደርቅበት መልሶ ያግለዋል፤ ውሃ ይነክረዋል፤ እንደገና ይቀጠቅጠዋል። የደንበኞቹ መኪናዎች ራዲያተራቸውን ፈትተው ደጁ ላይ ተደርድረው ይጠብቁ ነበር። ባለቤቶቹ ሲቆጡ «ሥራ ይዣለሁ» ይላቸዋል።

የሚነፋበት ጫፍ ላይ ሲደርስ አስናቀውን አስጠራው። ከንፈሩን በክር ለካ። ከዚያ አፉን አስከፍቶ በግራ በኩል የጎደለውን የላይ ጥርሱን አየና «ትንፋሽህ በዚህ ነው የሚያመልጥህ» አለው፤ ጫፉንም ለዚያ ሲል ጥቂት ወደ ግራ አዘመመው። አስናቀው ከትውልድ መንደሩ ከኮሶዬ ከመጣ ጀምሮ በልኩ የተሠራ ነገር ኖሮት አያውቅም። ኮቱ የሟች ኮት ነው፤ ጫማውም የሟች ጫማ ነው፤ ሐዘንተኞች ለነፊው ይሰጣሉ፤ እሱም ጠብቦትም ሰፍቶትም ያደርጋል። ክሩ ከንፈሩ ላይ ሲያርፍ እንባው መጣ።

«ጭሱ ነው» አለ።

«ጭሱ ነው» አለ ዐብዱልከሪምም።

በሰባተኛው ሳምንት አስናቀው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነፋ። ድምፁ ከደረት የወጣ ነበር፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚርገበገብ። መንፋቱን ሲያቆም ድምፁ አብሮት አላቆመም፤ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ ጥቂት ቆይቶ ነው የሄደው። ፊት ለፊት ሻይ የሚጠጣ ሰውዬ ብርጭቆውን አፉ ላይ እንደ ደገነ ቀረ። ልብስ ሰፊው ፔዳሉን መርገጥ ተወ። ዐብዱልከሪም እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እስቲ አንዴ ድገመው» አለ። «አንዴ» እያለ አራት ጊዜ አስነፋው።

በአዲሱ ጥሩምባ ሊነፋለት የመጀመሪያው ሟች የእድሩ ሰብሳቢ የአቶ ማሩ ታላቅ ወንድም ሆነ። ወሩ ጥር ነው፤ ሠርግ የሚበዛበት፣ የጥምቀቱ መለከትና እምቢልታ ገና ከሰው ጆሮ ያልወጣበት። አስናቀው ሊነጋጋ ሲል ወጥቶ ነፋ። መስኮቶች ተከፈቱ፤ በሮች አልተከፈቱም። ወደ ሁለተኛው መንታ መንገድ ሄዶ ነፋ። ከአንድ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት እልል አለች። በሩ ላይ የወጣችው ዳቦ ጋጋሪዋ ብቻ ነበረች፤ «ሙሽሪት የማን ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀችው። ሲነግራት የያዘችውን ዳቦ እጁ ላይ ጥላ እየጮኸች ገባች።

ስም እየጠሩ መዞር በአንቀጽ ዐሥራ አራት ክልክል ነው። ቀብሩ ላይ ዐሥራ አንድ ሰው ተገኘ፤ ካህናቱን ጨምሮ።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አቶ ማሩ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሲቆጡም በተራ ቁጥር ነው የሚቆጡት። «አንደኛ፣ ወንድሜ ያለ ሰው ተቀብሯል። ሁለተኛ፣ ምክንያቱ ይነገረኝ» አሉ። አባላቱ እየተነሡ ተናገሩ። አንዱ «እኔ ነቅቼ ነበር፤ እስኪጨርስ ልስማ ብዬ ቀረሁ» አለ። አንዲት ሴት ተነሥታ ከባሏ ጋር ሦስት ወር ተኳርፈው እንደ ነበርና በዚያ ጠዋት እንደ ታረቁ ተናገረች፤ ለምን እንደ ተናገረችው እሷም አላወቀች፣ ቁጭ አለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ድምፁ ሸጋ መሆኑ በቃለ ጉባኤው እንዲያዝ ጠየቁ። ተያዘ። ከሥሩም ውሳኔው ተያዘ፤ የጥሩምባው ድምፅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልተበላሸ ሞት በስልክ መልእክት ይነገራል፤ አስናቀውም ይሰናበታል።

አስናቀው ጥሩምባውን ታቅፎ ዐብዱልከሪም ዘንድ ሄደ።

«ምታልኝ» አለው።

ዐብዱልከሪም መዶሻውን አነሣ፤ ጥሩምባውን አገላብጦ አየው፤ መዶሻውን ለአስናቀው ሰጠው።

«አንተ ምታ። ንብረቱ ያንተ ነው።»

«የሠራኸው አንተ አይደለህ?»

«ለዚያ ነዋ!»

መዶሻው ሦስት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተመላለሰ። በመጨረሻ ዐብዱልከሪም ግሪስ የጠጣ የእጅ መጥረጊያ ጨርቁን አንሥቶ በጥሩምባው አፍ ጠቀጠቀና «እስቲ ንፋ» አለ። የወጣው ድምፅ የታፈነ፣ የሻከረ፣ ክፉ ድምፅ ነበር። ሻይ ጠጪው ሰውዬ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ማን ሞተ?» አለ።

«ይኸው፣ ተበላሸልህ» አለ ዐብዱልከሪም፤ ደስ ግን አላለውም። እድሩ ሰምቶ አጸደቀ። ጨርቁም በንብረት መዝገቡ ላይ ከድስቶቹ ቀጥሎ ገባ።

አስናቀው የሚኖረው እማማ አባይነሽ ግቢ ነው። በልጅነቱ ከኮሶዬ ሲመጣ አንድ ክፍል የሰጡት፣ ታይፎይድ ሲጥለው አጥሚት እያጠጡ ያስነሡት እሳቸው ናቸው። ልጅ የላቸውም፤ ዘመድ የሚባለው ሩቅ፣ መካነ ብርሃን ነው የሚኖረው፣ እሱም መምጣት ከተወ ቆይቷል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም። በየካቲት አንድ ቀን አስናቀውን አስጠሩት።

«ምነው ድምፅህ ጠፋ?»

«ከትናንት ወዲያ እኮ ነፍቻለሁ፣ እማማ።»

«እሱን አይደለም። ያን በጥር የነፋኸውን ነው የምልህ።»

የጨርቁን ነገር ነገራቸው። እስኪጨርስ ሰሙትና «በእኔ ቀን ያችን ጨርቅ ታወጣታለህ» አሉ።

«እማማ፣ ሰው አይወጣም።»

«ስሰማ የኖርሁት የሚያስበረግገውን ነው። ለሰው ሁሉ በዚያ እየደነገጥሁ ተነሣሁ። ለራሴ እንኳ አንድ ቀን ሸጋው ይነፋልኝ። ማል።»

«በምን ልማል?»

«በጥሩምባህ።»

ማለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለው። ጨርቁን ካወጣ፣ ልጅም የቅርብ ዘመድም የሌላቸው ሴት በዐሥራ አንድ ሰው ይቀበራሉ፣ ያውም ዳቦ ጋጋሪዋ ከወጣች፤ እሱም እንጀራውን ያጣል። ካላወጣ፣ እናት ለሆኑት ሴት የማለውን በላ። ለአቶ ማሩ ሊነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄዶ ስለ አየሩ ሁኔታ አውርቶ ተመለሰ። ብዙ ካሰበ በኋላ መውጫው እማማ አባይነሽ እንዳይሞቱ ማድረግ ብቻ ሆኖ ታየው፤ በየቀኑም ሾርባ ይወስድላቸው ጀመር።

ጠያቂስ አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ በየተራ ይገባል። እማማ አባይነሽ የመጣውን ሁሉ ጠጋ እንዲል በእጃቸው ይጠሩትና ጆሮው ላይ አንድ ነገር ይሉታል። አስናቀው የሕመም ምሥጢር መስሎት ሾርባውን አስቀምጦ ይወጣላቸዋል።

ሾርባው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሠራ። ከዚያ በሳምንቱ ዐረፉ፤ እንደገና የሠርግ ወቅት ነበር።

ሊነጋጋ ሲል አስናቀው መንገዱ ላይ ቆመ። ጨርቁን ያዘ፤ ለቀቀ፤ እንደገና ያዘ። ፈራ፤ ከሥራው ይልቅ የፈራው ባዶውን መቃብር ነው። ከዚያ ጨርቁን መዘዘና ኮቱ ኪስ ከተተው፤ ነፋ። ያ ድምፅ ሦስት ወር ታፍኖ ከርሞ ወጣ። አስናቀው ማንንም ላለማየት አንገቱን ደፍቶ ወደ ሁለተኛው መንታ መንገድ ሄደ፤ ነፋ። ወደ ሦስተኛው ሄደ፤ ነፋ። እዚያ ላይ ትንፋሹ አለቀበትና ግድግዳ ተደግፎ ወደ ኋላ ዞረ።

መንገዱ በሰው ሞልቷል። ነጠላ ያዘቀዘቁ፣ ጋቢ የተከናነቡ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ያ ሻይ ጠጪ ሰውዬ፣ ከሱብሒ ሶላት ሲወጣ በዚያው የመጣው ዐብዱልከሪም። ከመጀመሪያው መንገድ ጀምሮ ሲከተሉት ነበር፤ ድምፁን እንዳያቋርጡ ብለው ማንም አልተነፈሰም። ከፊት አቶ ማሩ ቆመዋል።

አስናቀው በደንቡ መሠረት ጠጋ አለና ስሙን በዝግታ ሊናገር አፉን ከፈተ።

«እናውቃለን» አሉ አቶ ማሩ። «አንደኛ፣ 'ሸጋውን የሰማችሁ ቀን እኔ ነኝና ተነሡ' ብለው ለእያንዳንዳችን በጆሯችን ነግረውናል። ሁለተኛ…» ሁለተኛው ጠፋቸው። «ሁለተኛ፣ ገና ሁለት መንገድ ይቀርሃል። ንፋ እንጂ።»

የሚጠራ ሰው አልቀረም ነበር። ሆኖም አስናቀው ጥሩምባውን ወደ አፉ አነሣ። ከንፈሩ አልይዝ አለው፤ ትንፋሹም ጥርሱ በጎደለበት በኩል አመለጠ። በሚንቀጠቀጥ ከንፈር ጥሩምባ አይነፋም። ዐብዱልከሪም ከሰው መሐል ወጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ጭሱ ነው» አለ ለሰዉ ሁሉ።

በዚያ ሰዓት በሰፈሩ እሳት ያነደደ ቤት አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ግን ነጠላውን አጣፍቶ፣ የአስናቀው ከንፈር እስኪረጋ ድረስ ቆሞ ጠበቀው።