ከኋላ የሚመጣው ኮቴ

አንድ ሰው ብቻውን ሲራመድ የሁለት ሰው ኮቴ ሰምቻለሁ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ድሮስ እኔን ማን አምኖኝ ያውቃል?

ዳንስ የሚያስተምር ቤት ደጁን ረግጬ አላውቅም። ቀን ቀን ታልፒዮት ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። ግን ኢየሩሳሌም ውስጥ ከኔ የተሻለ እስክስታ የሚወርድ ካለ ይምጣና ትከሻ ለትከሻ እንተያይ። በዚህ ጉራዬ ነው እኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች በሱዳን በኩል በእግር የመጣንበትን መንገድ በውዝዋዜ ድራማ ልሥራ ብዬ የሰፈሬን የቂርያት መናሔምን ወጣቶች የሰበሰብኩት። አማርኛ ግማሹን ነው የሚሰሙት፤ ትከሻቸው ግን አንድ አያመልጠው።

መሐሉ ላይ እህቴ የሞተችበት ቦታ አለ። ትንሽ ልጅ ነበረች፣ መንገድ ላይ ቀረች። እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ስለነበር አላስታውሳትም። አንዱን ወጣት አባቴን አደረግኩት። ልጅቷን በነጠላ ጠቅልሎ ይቀብርና መጥቶ እናቴን ያቅፋል። ራሴው ሠርቼ ራሴው አለቀስኩ።

እናቴን ልምምድ ላይ አምጥቼ አሳየኋት። እቅፉ ጋ ሲደርስ እጇን አነሳች።

«አላቀፈኝም» አለች።

«እማ፣ ድራማ ነው እኮ።»

«በሕጋችን ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ሳይሞላው፣ ሳይታጠብ፣ ከሰው ይቀላቀላል? ለመሆኑ ማን ነው ያሳደገህ?»

«አንቺ።»

ወጣቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«እማማ፣ ታዲያ ባለቤትዎ የት ሄዱ?» አላት አባቴን የሆነው ልጅ።

«ከኋላችን ነዋ። ራቅ ብሎ፣ ብቻውን። ስንቁን ድንጋይ ላይ አስቀምጠንለት እናልፋለን፣ ደርሶ ያነሳል። ማልቀስ የለም፣ ሽፍታ ይሰማል። እኔ ኮቴውን እያዳመጥኩ እሄዳለሁ። ከሱ ኮቴ ጎን የትንሽ ልጅ ኮቴ ነበር። ከዞርኩ ትቀራለች ብዬ ሳልዞር መጣሁ። ይሄው እስከ ዛሬ እሰማታለሁ፤ እስከ ዛሬ አልዞርኩም።»

እቅፉን ከድራማው አወጣሁት፣ ከበሮውንም አስቆምኩት። አባቴን የሆነው ልጅ ከተመልካቹ ጀርባ፣ በባዶ እግሩ፣ ብቻውን እንዲመጣ አደረግኩ።

ያሳየነው ኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ ባለች ትንሽ አዳራሽ ነው፤ ወለሏ እንጨት ነው። ልጁ ከኋላ ሲነሳ ኮቴው ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ ኮቴ፣ ቀለል ያለ፣ ሊደርስበት የሚሮጥ። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ከልጁ በቀር የገባ የለም። ከተመልካቹ መሐል ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከኋላው ሰው ያልተወ ማን አለ?

እናቴ ብቻ ወንበሯን ተደግፋ ተነሳችና ዞረች። ቆማ አየች፣ አየች። ከዚያ ያኔ በረሃ ላይ የዋጠችውን ልቅሶ አወጣችው።

ስንወጣ ጎዳናው ጭር ብሏል። ግራ ቀኝ ባሉት ግንቦች መሐል ስንሄድ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቀስ በል፣ ትድረስብን።»

ቀስ አልኩ። እዚያው ጎዳና ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በር የሚዘጉት አባ፣ «ሰላም» ብለው አሳለፉን። ከዚያ ከኋላችን አዩ፣ ዝቅ ብለው አዩ፣ «እግዜር ያሳድግሽ» አሉ።

እኔ ውሸታም ነኝ እንበል። አባ ግን እዚያው በር ላይ ናቸው፤ ሂዱና ማንን እንደመረቁ ጠይቋቸው።