ማመልከቻ ጸሐፊው ጋሽ ውበቱና የብድር መድናቸው

ለምታውቋቸው ሁሉ፤ ደባርቅ ከብድር ቢሮው በር ላይ ተቀምጠው ማመልከቻ ይጽፉ የነበሩት ጋሽ ውበቱ በሦስት ቀን የሳንባ ምች ተለይተውናል። የቀብሩን ሥርዓት የፈጸመው ዕድሩ ነው። ከዘመድ ወገን የቆመ አልነበረምና፣ ግድግዳ የምጋራቸው ጎረቤታቸው መምህርቷ ጥቁር ለብሼ ቆምኩ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ማረፋቸው ሲነገረኝ ከእንባዬ ቀድሞ የመጣብኝ ዋስትናዬ ነበር። የጽሕፈት መኪና ለገዙበት ብድር ዋሳቸው እኔ ነኝ፤ ቢሮው ደመወዝተኛ ዋስ ካልቀረበ አላበድርም ብሎ ነው። የደመወዜ ግማሽ ደብረ ታቦር ላለች እናቴ ይሄዳል። ዕዳው እኔ ላይ ከወደቀ እናቴ ምን ትበላለች ብዬ አሰብኩ፤ አስከሬናቸው ገና ከቤት ሳይወጣ! አፈርኩ፤ አሁንም አፍራለሁ።

አሠራራቸውን ያላየ የለም። ገበሬ ለበሬ መግዣ ሊበደር ሲመጣ ቢሮው «መድንም ግዛ» ይለዋል፤ ተበዳሪው ቢሞት ወይም መሥራት ቢያቅተው ዕዳውን የሚከፍል ውል ነው። ጋሼ ውሉን ከዳር እስከ ዳር ያነቡለትና መነጽራቸውን አውልቀው «በል እንግዲህ አንተ ንገረኝ» ይላሉ። «ምን ቢያገኝህ ነው የሚከፍልልህ? ምን ቢያገኝህ ነው የማይከፍልልህ? ከመቼ ጀምሮ?» ሰውየው መልሶ እስኪነግራቸው ጣቱን ቀለም አያስነኩትም። የቢሮው ሠራተኛ ከውስጥ «ኧረ ጓድ ውበቱ፣ ሰልፉን ዘጉት እኮ!» እያለ ይጮኻል። እሳቸው ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን ከጃናሞራ የመጣ ገበሬ እየሳለ ቀረበ።

«ሳሉ ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉት።

«ከመስከረም ወዲህ ነው ጌታዬ፤ በርትቶብኛል።»

«እንግዲያው ስማኝ። ከውሉ በፊት በነበረ ሕመም ብትሞት አይከፍልም ይላል። ለመድኑ የምታወጣው ገንዘብ ከንቱ ነው፤ ዕዳው ለልጆችህ ይተርፋል።»

«ታዲያ ምን ይበጀኛል?»

«ብድሩን ለዘንድሮ ተወው። አንድ በሬ የለህም? አንድ በሬ ካለው ጎረቤትህ ጋር ተቀናጅተህ እረስ። አሁን ግን ተነሣ፣ ጤና ጣቢያ።»

እጁን ይዘው ራሳቸው ወሰዱት። የዚያን ዕለት ለሌላ ሰው አልጻፉም።

የራሳቸውን ብድር ሲፈርሙ ግን «መድኑስ?» ብላቸው ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ መድን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ‹ብሞት ማን ይቸገራል?› ብሎ ይጠይቅ። እኔ ማን አለኝ?» አሉ።

ዋሳቸው አጠገባቸው ቆማለች! ይሉኝታ ይዞኝ «እኔስ?» ሳልላቸው በዋስነት ፈረምኩ፤ ግን ተቀየምኳቸው። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ሻይ ልጠጣ ከቤታቸው አልገባሁም። የጽሕፈት መኪናቸው ሲንኳኳ በግድግዳው እሰማለሁ። እሳቸው ለብቻቸው፣ እኔ ለብቻዬ ራታችንን እንበላለን። ሲታመሙም የገባሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ አላወቁኝም።

ከቀብሩ በኋላ ከደመወዜ ስንት እንደሚቆረጥ ልጠይቅ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ሠራተኛው መዝገቡን ገልጦ «ዕዳው በመድኑ ይዘጋል፤ አንቺን የሚነካሽ የለም» አለኝ።

«መድን አልገዙም እኮ!»

«በሳምንቱ ተመልሰው ገዙ። ‹ማን አለኝ ይሉ አልነበር?› ብዬ ብቀልድባቸው፣ ‹አንዲት ሰው አለችኝ፤ እንዴት እንደረሳኋት እንጃ› አሉኝ።»

እዚያው ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሼ፣ ለሠራተኛው ከሚነግሩት ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እኔስ ግድግዳውን አንኳኩቼ ብጠይቅዎ ምን ነበረበት? ውልዎን ተቀብዬ አንብቤዋለሁ። «በይ እንግዲህ አንቺ ንገሪኝ» እንደሚሉኝ አውቃለሁና ይኸው ልንገርዎ። የጽሕፈት መኪናውን ዕዳ ከፍሎልኛል። ሻይ ልጠጣ ሳልገባ የቀረሁባቸውን ወራት ግን አይከፍልልኝም። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።