ጆሮ ሰባራው መድፍ

የወንድሜን ልጅ ሎዶቪክን የማያውቀው ሰው ሲያገኘው ይወደዋል። እኔ ከተወለደ ጀምሮ ስለማውቀው አልወደውም። ሲወለድ በእግሩ ነው የመጣው፤ አዋላጇ «ይሄስ መንገደኛ ነው» ብላ ነበር። ተሳስታለች። ሎዶ ከደሴታችን የወጣው ሁለቴ ብቻ ሲሆን ሁለቴም ባሕሩ አስታውኮት ሥራ ሳይፈልግ ተመልሷል። መንገደኛው ምላሱ ነው።

መርከብ በሁለት ሳምንት አንዴ ትመጣለች፤ ማዕበል ካለ እያየናት ታልፋለች። ወደብ ስለሌለን ሰውም ዕቃም በታንኳ ነው ወደ እሷ የሚደርሰው። ስልክ ለመደወል መቃብሩ ያለበት ኮረብታ ላይ መውጣት ግድ ነው፤ የመንደሩ ሰው ምስጢሩን ሁሉ የሚያወራው አያቶቹ አናት ላይ ቆሞ ነው። መምህሩ የፈተና ሰሞን ብቅ ይልና ልጆቹ ምንም እንደማያውቁ ተገርሞ ይሄዳል። ጉልበት ያለው ወጣት ሁሉ መርከቧን ተከትሎ ይወጣል። የቀረነው ካሳቫ እየፋቅን፣ ዓሣ እያደረቅን፣ ይመጣል የተባለውን እንጠብቃለን። የሚመጣውን ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው ደግሞ ሎዶ ነው።

መጀመሪያ ያየው የባሕር ሣር ነበር። ውጭ አገር ሰዎች ይበሉታል ብሎ ባሕሩ ላይ ገመድ ዘረጋ። ከፊሉን ኤሊ በላው፣ ከፊሉን ማዕበል ወሰደው፤ ገመዱ አሁን ልብስ ማስጫ ነው። ቀጥሎ ፈረንጅ አየ። «አክስቴ፣ ፈረንጅ ይጎርፋል፤ እኛ ማደሪያ ብቻ ነው ማዘጋጀት» አለና ባሕሩ ዳር ባለሁለት ክፍል ጎጆ አቆመ። አንድ ፈረንጅ መጣ። የአሸዋ ትንኝ አንድ ሌሊት ሲበላው አደረና በማግስቱ ፊቱ አብጦ ሄደ። ጎጆው ውስጥ አሁን አሳማዎቼ ያድራሉ፤ እነሱ እንኳ ትንኙን አማርረው ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ሎዶ ነው። ልዩነቱ እሱ ላሟን ለማለብ ጣሪያ ላይ መውጣቱ ነው።

ይህ ሁሉ የራሱ ጉዳይ ነበር። ሦስተኛው ተስፋው ግን እኔን ነካ።

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣው መድፍ ሲገባ ነው። ድሮ በመርከብ የመጡ ትናንሽ የነሐስ መድፎች ናቸው፤ ማንም አይተኩስባቸውም። የወንዱ ወገን ተሸክሞ ያመጣል፣ የሴቷ ወገን ከመካከለኛው ምሰሶ ሥር ያስቀምጣል። ልጅቷ ወጣች፣ ወንበሯ ግን ቀረ ማለት ነው። እዚያ እስካለ ድረስ ብትጣላም ብትመለስም የቤቱ ልጅ ናት፤ ስትሞትም የአባቷ ቤት ሰዎች «የእኛ ናት» ብለው በአባቶቿ ጎን ይቀብሯታል። መድፍ የሌላት እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ነው የሚቀበረው።

ለእኔ የመጣው መድፍ አንዱ መያዣ ጆሮው ሰባራ ነበር። የባሌ ወንድሞች ከታንኳ ሲያወርዱት አዳለጣቸውና ኮራል ድንጋይ ላይ ጥለውት ነው የተሰበረው። ሙሽራ ሆኜ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ አማቼ እስኪሞት ይቅር አላለኝም። ባሌ ሲሞት ወደ አባቴ ቤት ስመለስ መጀመሪያ የነካሁት ያንን የተሰበረ ጆሮ ነበር።

አንድ ቀን ከካሳቫ እርሻ ስመለስ ምሰሶው ሥር ባዶ ነው።

«ሎዶ፣ መድፌስ?»

«ለመወልወል ከተማ ሄዷል አክስቴ። አረንጓዴ ሆኖ ነበር እኮ፤ ያሳዝናል።»

በሳምንቱ ከመርከቧ ሞተር ወረደለት። ከመርከቧ ወደ ዳር ሰው በሞተር ጀልባ ላመላልስ ነው፣ መንደሩ ሊነሳ ነው፣ ወደብ ሲሠራ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ እያለ ከቤት ቤት ዞረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ መድፌ የት እንደሄደ ገባኝ። ሞተሩ ውስጥ ዘይት መጨመር እንዳለበት ለሎዶ የነገረው ሰው አልነበረም፤ ወይም ነግረውት እሱ ስለ ወደቡ እያወራ አልሰማም። ተቃጠለ። ዛሬ የዳቦ ፍሬ ከሚባለው ዛፍ ሥር ተጋድሟል፣ ክዳኑ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። ስለ መድፉ በጠየቅሁት ቁጥር ዓይኑን በጨው አጥቦ «እየተወለወለ ነው» ይለኛል። አራት ክረምት አለፈ። ፀሐይን ቢወለውሏት እንኳ ይሄን ያህል አትፈጅም።

የሎዶን ሴት ልጅ ኦክታን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ደግነቱ በአባቷ አልወጣችም፤ ከአፏ ይልቅ እጇ ይፈጥናል። ከወዲያኛው ዳር መንደር ኤቫሪስ የሚባል ጀልባ ሠሪ ወደዳት፣ ወደደችው። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ አንድ ጀልባ ሳይጨርስ ስለ ሌላው አያወራም። እሷም አንድ ቀን ዓሣ እየገለበጥን ሳለ «አክስቴ፣ ከዚህ ቤት አውጪኝ። አባቴ አሁን ደግሞ ስለ ዓሣ ማቀዝቀዣ ጀምሯል» አለችኝ። አሳቀችኝ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ያኔ አዘንኩላት።

የቸገረው መድፉ ነበር። የኤቫሪስ ቤት አልነበረውም፤ ደሴቱም ላይ የሚለቅ ሰው ጠፋ። ኤቫሪስና አጎቱ ዓመት ሙሉ የለፉበትን ትልቅ ጀልባ ከተማ ለሚኖር ነጋዴ ሰጥተው በምትኩ መድፍ ተቀበሉ። ለጋብቻውም ቀን ተቆረጠ።

በቀኑ ሎዶ የአባቱን ኮት ለብሶ፣ የዘንባባ አረቄውን ቀምሶ፣ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሲቀበል የደሴቱ ገዢ ይመስል ነበር። የኤቫሪስ አጎት ሂላሪዮስ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ገባ። ሁለት ጎረምሶች በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን አመጡና ከምሰሶው ፊት አስቀመጡ። ጨርቁ ሲገለጥ ነሐሱ እንደ አዲስ ድስት አበራ። ሰዉ እልል አለ።

ጆሮው ሰባራ ነበር።

ሎዶን አየሁት። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል፤ በዓይኑ «አክስቴ፣ በናትሽ» ይለኛል። ዝም ማለት እችል ነበር። ግን አራት ክረምት የዋጥኩት ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ሎዶቪክ!» አልኩ፣ ከውጭ እስኪሰማ። «ተወልውሎ አልቋል እንዴ? ጥሩ ሠርተውታል፤ ጆሮውን ግን አልቀጠሉትም!»

መጀመሪያ የሳቁት አሮጊቶቹ ናቸው፤ መድፌን ያውቁታል። ከዚያ ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሎዶ ኮቱ ውስጥ ሲያጥር አየሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ሂላሪዮስ ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ ቆመ።

«እማማ ዶርቴያ፣ ይሄ ያንቺ መድፍ ነው?»

«የኔ ነው። ይሄ ደደብ በሞተር ለውጦት ነው።»

«እንግዲያው እኛ ምንም አላመጣንም። የገዛ ቤታችሁን ዕቃ ይዘን ልጃችሁን አንጠይቅም። ነውር ነው።» ለጎረምሶቹ ምልክት ሰጠ። «ሌላ እስኪገኝ ጋብቻው ይቆይ።»

ሌላ ከየት? ሌላ ጀልባ፣ ሌላ ዓመት፣ ምናልባትም ሦስት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዞር ስል ኦክታ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም። የሙሽራ ጨርቋን ከትከሻዋ አውርዳ ማጣጠፍ ጀምራለች፤ በሥርዓት፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያገጣጠመች። ሎዶን የመታሁ መስሎኝ ማንን እንደመታሁ ያኔ አየሁ።

ሎዶማ ምን አለ? «ሽማግሌዎች፣ መጪው ዓመት እኮ ወደብ ሲሠራ…»

«አንተ ዝም በል!» አልኩት። «ሂላሪዮስ፣ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«ይሄን መድፍ የሸጠው ሰው ወንበሬን ሸጧል። የተሸጠ ተሽጧል። እናንተ ለፍታችሁበት ገዛችሁት፤ ስለዚህ የእናንተ ነው። እኔ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ወንበር የለኝም። ቦታው ባዶ ነውና መድፉን ለልጅቷ አስቀምጡት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ዶርቴያ፣ የት እንደምትቀበሪ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ከአጥሩ ውጭ። ንፋሱ ጥሩ ነው። ከአጥሩ ውስጥ ያሉት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስልክ የሚደውል ሰው ይረግጣቸዋል።»

ማንም አልሳቀም። ሂላሪዮስ ተነስቶ መድፉን በሁለት እጁ ወደ ምሰሶው ገፋው። ኦክታ መጥታ ጉልበቴ ላይ ተደፋች፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ እኔም አብሬያት።

በማግስቱ በባሏ ጀልባ ሄደች። ከዓይናችን እስክትጠፋ ዳር ላይ ቆምን። ስመለስ ሎዶ ምሰሶው ሥር ቁጢጥ ብሎ መድፉን በመዳፉ ሲያሻሽ አገኘሁት።

«አክስቴ፣ ነጋዴው እንዴት አድርጎ ነው እንዲህ ያሳመረው? አሁን እኮ ዋጋው…» ዓይኔን አየና አቆመ። «በዓሣ ማቀዝቀዣ የሚለውጥ ሰው ነበር፤ እንዲያው ለማለት ያህል ነው» አለ።

አልተሳደብኩም። አልጋዬን ጎትቼ ምሰሶው ሥር ከመድፉ አጠገብ አደረግሁት፤ አሁን ጆሮው በተሰበረበት በኩል ራሴን አስጠግቼ ነው የምተኛው። ወንበሩ የእኔ አይደለም፣ የኦክታ ነው። እኔ ጠባቂው ነኝ።

ሎዶ ከበሩ ሳይወጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ይሄ ነሐስ ሁለት ሴት አውጥቷል። አንተንስ ከዚህ ቤት እንውሰድህ ብሎ የመጣ ሰው አለ?»

በቁም ነገር አሰበበት። ከዚያ ፊቱ በራ።

«መጪው ዓመት» አለኝ።